ኃላፊ

ጊልቦዓ ተራራ ጎንበስ ከሚልበት፣
ዐሥራ ሁለት ዱናም ሮማን የቆመበት፣
መሬት አለኝ እኔ፣ ምንጭ የሚፈልቅበት።
ምንጩን አልቆፈርኩት፣ አላመጣሁትም፤
ስረከበው ነበር፣ ስሞትም አይሞትም።

ዓርብ ከሰዓት ሲሆን መኪናው በተራ፣
ከአፉላ፣ ከኔታንያ፣ አንዳንዱም ከሐዴራ፤
ጡረተኛው ወንበር፣ ወታደሩ ቦርሳ፣
ሙሽሮች ካሜራ (ውሻውን ሳልረሳ)፣
ይዘው ይመጡና፣ እግራቸውን ነክረው፣
ሐብሐብ ተካፍለው፣
ልጣጩን ሰብስበው፣ አንዳንዱም በትነው፣
ይሄዱ ነበረ፣ ስሜን ሳይጠይቁ፣
እኔም ስማቸውን ሳልይዝ፣ እንደሳቁ።

ባለፈው ኦገስት ላይ አንዲት ልጅ ወደቀች።
ድንጋዩ ሽበት አውጥቶ ነበር፤ ረግጣው ተንሸራተተች።
የእጇ አንጓ ስብራት፣ እሱም ሁለት ቦታ።
በረዶ ይዤ ሮጥኩ፤ አባትየው በእርጋታ፣
‹ልጅ ናት፣ ልጅ ይወድቃል› ብሎ ጨበጠኝ፤
በስድስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰኝ።
ከእሱ አይደለም፤ ከመድን ድርጅት ነው፤
‹የቦታው ኃላፊ ማነው?› ነው የሚለው።

ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ።
ኦሽራት ትባላለች፣ የጎረቤት ልጅ ናት፤
ሰላምታ ባማርኛ፣ ሕግ በዕብራይስጥ ያላት።
‹ታስከፍላለህ?› አለች (‹እርስዎ› አታውቅም)፤
‹ቁራጭ ሐብሐብ እንጂ ሳንቲም አይደርሰኝም።›
‹ምልክት ትከል› አለች፤ ‹አደጋ አለ በል።›
እስክሪብቶዋን ነክሳ ቆየችና ደግሞ፦
‹ከተከልክ ግን ይባላል፣
አደጋውን ያውቃል፣ እያወቀ ከፍቷል።
ካልተከልክ፣ ደብቋል።
አጥር ብታጥርበት፣ ልጅ አጥር ይዘላል፤
ሽቦው ቢቀደውስ፣ ማን ይጠየቅበታል?›
ወረቀቷ ላይ ክብ ሠራች።
ክቡ ውስጥ እኔ አለሁ።

አባቴ ወገራ የሰው መሬት አርሶ፣
እሩቡን ከፍሎበት፣ ቀሪውን ተቃምሶ፣
ርስት ሳያይ ሞተ፣ ዕድሜውም ሳይክሰው፤
መሬት የሌለውን መሬት አይከሰው።

ሰኞ ቁልፍ ገዛሁ፣ ሠላሳ ስምንት ሼቅል።
በሩን ከፍቶ የኖረ፣
ከፍቶት በሩን ዘጋ።

ዓርብ መጡ።
አንዱ ጡሩምባ ነፋ፣ አንዷ ስልኳን አየች፣
ካርታው ‹ክፍት› ይላል፤ ለካርታው ተቆጣች።
ወታደሩ ዘለለ፤ ልቤ አብሮት ዘለለ፣
እግሩ መሬት እስኪነካ አልተመለሰ።
ጡረተኛው ብቻ ምንም ሳይናገር፣
ወንበሩን ዘረጋ አቧራው ላይ፣ ከበሩ ውጭ፤
እስኪመሽ ድረስ
ውሃውን በጆሮው ጠጣ።

ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ ባትሪ ይዤ ወጣሁ።
በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፤
ውሃው ግን በበሩ ሥር፣
ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ምንም ሳይፈርም፣
ወደ ጎረቤት ቦይ ይሄዳል።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
በሽቦ ብሩሽ ድንጋዩን እፍቃለሁ፣ ሽበቱ እስኪፈታ።
ገመድ ወጥሬያለሁ ከዳር እስከ ዳር፤
‹ቀስ› ብዬ ጽፌያለሁ፣ በሁለቱም ፊደል።
መድንም ገብቻለሁ፤
ከምርቱ ላይ እሩብ ይወስዳል፣ እንደ አባቴ ጌታ።
ቁልፉ የት እንዳለ
ምንጩን ጠይቁት።

ትናንት ልጅቷ መጣች።
ጄሶው ወልቋል፤ ያ እጇ ከሌላው ነጥቷል፣ ቀጥኗል።
በጉልበቴ ተንበርክኬ ስፍቅ አየችኝና፣
‹የዚህ ቦታ ኃላፊ አንተ ነህ?› አለችኝ።
በዕብራይስጥ ጠየቀች፤
በአማርኛ ሰማኋት።
ኃላፊ፦ የሚጠየቅ።
ኃላፊ፦ የማይቆይ፣ እንደ መንገደኛ የሚያልፍ።
ለሁለቱም አንድ መልስ ነበረኝ።
‹ነኝ› አልኳት።
ጎንበስ ብላ ድንጋዩን መረመረች፤
በዚያ በቀጠነው እጇ፣ በአንድ ጣቷ ነክታ፣
‹እንግዲያው እዚህ ጋ ቀርቶሃል› አለች፤
ጥፍር የምታህል አረንጓዴ።